ከሕጉ የቀደመ መረብ

ዐቢይ ጾም ሲገባ በመርካቶ ዙሪያ፣ ከአብነት እስከ ተክለ ሃይማኖት፣ ሥጋ ቤቶች ቀዝቀዝ ይላሉ፤ ዓሣ የሚጠብሱ ቤቶች ደግሞ ይደምቃሉ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም፤ ገበያው ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም። አብነት ላይ ጉላሽ ወይም ጥብስ ሆኖ የሚቀርበው ዓሣ 160 ኪሎ ሜትር ርቆ ካለው ከዝዋይ፣ አለዚያም 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ከጫሞ ወይም ከጣና የመጣ ነው። አዲስ አበባ የሚጠመድበት ሐይቅ የላትም። ስለዚህ የኢትዮጵያን ዓሣ ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሐይቆቹን ብቻ ጽፎ ማለፍ አይችልም፤ ከተማው አንዱን ሐይቅ አሳስቶ ወደሚቀጥለው የዞረበትን መንገድ አብሮ መከተል ይኖርበታል።

መንገዱ የሚጀምረው መኪናም ከተማም ባልነበረበት ዘመን፣ ጣና ላይ ነው።

ከሐይቁ ዳር ነገደ ወይጦዎች ይኖሩ ነበር፤ ዛሬም አሉ። ደንገል አጭደው ታንኳ ይሠራሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ በጥንቱ ዘመን ደግሞ ጉማሬ ያድኑ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር በነበረበት ጊዜ ስለ እነሱ ጽፏል። ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ጎረቤቶቻቸው ማዕድ አይጋሯቸውም ነበር። የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያ ዓሣ አጥማጆች እንዲህ ከማኅበረሰቡ ዳር ተገፍተው መኖራቸው ለሙያውም ጠባሳ ጥሎበታል፤ ማጥመድ የድሀ፣ የተናቀ ሰው ሥራ ተደርጎ ሲቆጠር ኖሯል።

የደንገል ታንኳ ውኃ ይጠጣል። ሥራ ከዋለ በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ማዕበል ሲነሣ ከመሃል ሐይቅ የሚመልሰው የለም። በዚህ የተነሣ አጥማጁ ከዳር ብዙ አይርቅም፤ ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ከሚሰፋው ሐይቅ ትልቁ ክፍል ለዓሣው መሸሸጊያ ሆኖ ቀረ። በወንዞቹ ላይ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ላይ በመበተን ዓሣን አስክሮ የመያዝ ልማድ ነበር፤ ጉዳት ቢኖረውም አንድ ወንዝ፣ አንድ ኩሬ ላይ የሚቆም ጉዳት ነበር። ዓሣውን የሚጠብቅ አዋጅ አልተጻፈም፤ ታንኳው ራሱ አዋጅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ጣና ደርሶ ዓሦቹን ሰበሰበ፤ መልካቸውንም ለአውሮፓ ሳይንስ ገለጠ። በዚያ ሐይቅ ውስጥ ያለው ምን ያህል ልዩ እንደሆነ ለመረዳት ግን ከዚያ በኋላ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ከዚያ ታሪኩ ወደ ባሕር ይወርዳል። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትቀላቀል አገሪቱ የቀይ ባሕር ዳርቻ አገኘች፤ ምጽዋና አሰብም የዓሣ ወደብ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1954 ከዚያ ዳርቻ የተያዘው ዓሣ 25,000 ቶን ገደማ ደርሶ ነበር። ትልቁ ድርሻ ሰርዲንና መሰል ጥቃቅን ዓሣ ሲሆን፣ ደርቆና ተፈጭቶ ዱቄት ሆኖ ወደ አውሮፓና ወደ እስያ ይላካል። ያን ያህል ምርት እያለ አዲስ አበባ ያለው ሰው ዓሣ አይበላም ነበር። በረዶ ቤት የለም፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ከተማውም ልማዱ የለውም። ባሕሩ ይሰጣል፣ የሚጠግበው ግን ሩቅ አገር ነው።

በ1959 ዓ.ም. ማብቂያ በመካከለኛው ምሥራቅ በተነሣው ጦርነት የስዊዝ ቦይ ተዘጋ፤ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስም አልተከፈተም። የምጽዋ ዓሣ ዱቄት ወደ ገበያው የሚደርስበት አጭር መንገድ በዚያው ተቆረጠ። በኤርትራ ጦርነቱ ሲበረታም አጥማጁ ወደ ባሕር መውጣት ፈራ። ያ ኢንዱስትሪ ወደ ቀድሞ መጠኑ ዳግም አልተመለሰም። አንድ ገዥ፣ አንድ ምርት፣ አንድ መተላለፊያ ይዞ የቆመ የዓሣ ሥራ በአንድ በጋ ሊወድቅ እንደሚችል ያኔ ታይቷል። ይህን ከምጽዋ ተምሮ ያቀደ ሰው ስለመኖሩ በኋላ ከተሠራው ምልክት አላይም።

በደጋው ግን ሌላ ነገር ተጀምሮ ነበር። በ1952 ዓ.ም. አዋሽ ላይ የቆቃ ግድብ ተጠናቀቀ፤ ለመብራት የተሠራው ውኃ ዓሣም ያዘ። መርካቶ ሰፋ፣ አዲስ አበባ ሰፋች፣ ከዝዋይና ከአዋሳ የሚመጣ ዓሣ በጾም ወራት ገዢ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሽብሩ ተድላ የኢትዮጵያን የጨው አልባ ውኃ ዓሦች በመጽሐፍ አሰባስቦ ሲያሳትም፣ በአገሪቱ ምን እንደሚዋኝ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር ልጅ እጅ ተዘረዘረ።

ደርግ ሲመጣ ዓሣው የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። አጥማጆች በማኅበር ተደራጁ፤ የመንግሥት ድርጅት ደግሞ ዓሣውን በተቆረጠ ዋጋ ይገዛና ወደ አዲስ አበባ ያመጣል። በአውሮፓ የልማት ፈንድ እርዳታ ጀልባ፣ መረብና ማቀዝቀዣ ገባ። ዓሣ ማርባትም ተጀመረ። በሰበታ ከተቋቋመው ጣቢያ ጫጩት እየተጫነ በየሐይቁና በየግድቡ ተለቀቀ፤ ሐይቅ የሚባለው የወሎ ሐይቅም ቆሮሶ የሚሉትን ቲላፒያ ያገኘው በዚያን ዘመን ነው። ዝዋይ ላይ ዱባ ዓሣ የሚሉት ካርፕ ከውጭ መጥቶ ገባ። ከአምባዛና ከቆሮሶ ጋር ዛሬ በአጥማጁ መረብ የሚወጣው ይኸው እንግዳ ዓሣ ነው።

የዚያን ዘመን ሥራ ለማንቋሸሽ አልፈልግም። ለአገሬው ሕዝብ ዓሣ መብላትን ያስተማረው፣ ፊሌቶ ማውጣትን ያስለመደው እሱ ነው። ግን ሁሉም ዕቅድ አንድ መስፈርት ብቻ ነበረው፦ በዓመት ስንት ቶን ይያዛል? ዓሣው መቼና የት እንደሚወልድ፣ በስንት ዓመቱ ለመውለድ እንደሚደርስ፣ ስንቱ ቢተው መልሶ እንደሚሞላ የሚጠይቅ ዓምድ በሠንጠረዡ ላይ አልነበረም። መረብ በርካሽ ሲታደል የመረቡን ዓይን ስፋት የሚለካ ሰው አብሮ አልተላከም።

ይህ ስንፍና ምን እንደሚያስከፍል የታየው ጣና ላይ ነው፤ እኔም እዚህ ላይ ቆየት ማለት እፈልጋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1986 የጣና ሐይቅ የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ተጀመረ። ኡርክ ከምትባል የሆላንድ የአጥማጆች ከተማ የመጣ የአብያተ ክርስቲያናት ድርጅት በባሕር ዳር ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይለን መረብ አቀረበ። በጎ ሥራ ነበር፤ ከረሃቡ ዓመታት ማግሥት ምግብ የሚያስፈልገው ሕዝብ ነበረ። ነገር ግን በደንገል ታንኳ ተከልሎ የኖረው መሃል ሐይቅ በአንድ ጊዜ ተከፈተ። በሞተር የሚያዘው ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1987 ከነበረው 39 ቶን ተነሥቶ በ1997 ወደ 360 ቶን ደረሰ። በአሥር ዓመት ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው። በሪፖርት ላይ ድል ይመስላል።

በዚያው ጊዜ የሳይንስ ሰዎች ሌላ ነገር ይቆጥሩ ነበር። ከሆላንድ የቫግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሊዮ ናግልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ጣና ውስጥ ያለው ነጭ ዓሣ አንድ ዓይነት አለመሆኑን አረጋገጡ፤ 15 ዓይነት ነው። ሁሉም ከአንድ አያት የመጡ፣ በዚያው ሐይቅ ውስጥ የተለያዩ፣ በዓለም ሌላ ቦታ የሌሉ ናቸው። 40 ሜትር ገደማ የሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለው ዓሣ እንዳይወጣ አግዷቸዋል፤ ሐይቁን ለብቻቸው ተካፈሉት። አንዱ ከድንጋይ ላይ ይለቅማል፣ አንዱ ከጭቃ ይፈልጋል፣ ስምንቱ ደግሞ ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ። እነዚህ የሚመደቡበት የዓሣ ወገን በመንጋጋው ጥርስ የለውምና ዓሣ አድኖ መብላት ከእሱ የሚጠበቅ አልነበረም። ከዳርዊን ዘመን ጀምሮ ሰዎች የጋላፓጎስን ወፎች ለማየት ውቅያኖስ ይሻገራሉ፤ የእኛ ከባሕር ዳር መናፈሻ ሆኖ በሚታይ ውኃ ውስጥ ነበር።

አሁን የእነዚህን ዓሦች አኗኗር ከመረቡ ጋር አያይዘን እንመልከት። ቆሮሶ በሐይቁ ዳር፣ በደንገሉና በሣሩ መካከል፣ በዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይወልዳል። ቶሎም ያድጋል። ስለዚህ ቢያዝም መልሶ ይተካል። ብዙዎቹ ነጭ ዓሦች ግን በዓመት አንዴ፣ ክረምት ሲበረታ ከሐምሌ ጀምሮ በወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭን፣ ግልገል ዓባይን ተከትለው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ጠጠር ባለበት ንጹሕ ውኃ ይወልዳሉ። ለመውለድ እስኪደርሱም ዓመታት ይፈጅባቸዋል። ይህን አጥማጁ ያውቃል። የጉማራ አፍ በነሐሴ እንደሚሞላ ያውቃልና መረቡን እዚያ ዘረጋ። ዓሣው እንቁላሉን ሆዱ ውስጥ እንደያዘ ተያዘ። ከዚያ ያለፈውን ደግሞ ከላይ በወንዙ ውስጥ ቅርጫትና ብርብራ ጠበቀው።

የሆነው ሆነ። ማርቲን ደ ግራፍ፣ ተስፋዬ ውድነህና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባለው አሥር ዓመት ውስጥ፣ የእነዚህ ነጭ ዓሦች ክምችት በክብደት በ75 በመቶ፣ በቁጥር በ80 በመቶ ቀነሰ። የጫጩቶቹ መጥፋት ከዚያም የከፋ ነበር። ዝናቡ ነው፣ ውኃው ደፍርሶ ነው የሚል ጥርጣሬ ተፈትሿል፤ ጣቱ ግን ወንዝ አፍ ላይ ወደ ተዘረጋው መረብ አመለከተ። አጥማጁን ግን ጥፋተኛ ማድረግ አይቻለኝም። ሞተሩን፣ መረቡንና ገዢውን አቅርበውለት ወንዝ አፍ ላይ አታጥምድ ያለው አልነበረም።

በመካከሉ አገሪቱ ባሕሯን አጣች። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻነቷን ስታውጅ የኢትዮጵያ ዓሣ በሙሉ የሐይቅ፣ የግድብና የወንዝ ሆነ። የመንግሥት ድርጅት ብቸኛ ገዢነቱ ቀርቶ ነጋዴው ገባ። ይሄ ለአጥማጁ የተሻለ ዋጋ ሰጠው፤ ለሐይቁ ግን የማያቋርጥ ጭነት መኪና አመጣበት። አርባ ምንጭ ላይ ጫሞ በናይል ፐርች የታወቀ ነበር፤ ከሰው የሚከብድ ዓሣ የሚወጣበት ውኃ ነው። ፊሌቶው ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይጎርፋል። ትልልቁ ዓሣ እየሳሳ ሲሄድ የመረቡ ዓይን ጠበበ፤ ዓይኑ ሲጠብ ያልወለደው ተያዘ፤ ያልወለደው ሲያዝ ሐይቁ ይበልጥ ሳሳ። ዝዋይ ላይም ቆሮሶ በመጠንም በቁጥርም አነሰ። ዝዋይ በአማካይ ሁለት ሜትር ተኩል ብቻ የሚጠልቅ ሐይቅ ነው፤ አትክልትና አበባ የሚያጠጣው ፓምፕ ዳሩን ሲከበው ዓሣ የሚወልድበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ቀድሞ ይሄዳል። ከዝዋይ የሚወጣው ቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ነው የሚፈሰው። አብያታ ላይ ደግሞ የሶዳ አመድ ፋብሪካ ነበረ። ወንዙ ሲቀንስ ውኃው ጨውነቱ በረታ፣ ዓሣው አለቀ። በአጠገቡ ባለው በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ጎጆ ሠርተው አብያታ ድረስ ዓሣ ለማጥመድ ይበሩ የነበሩ ይብራዎችም ሌላ ውኃ ፍለጋ ሄዱ።

ሕጉ የመጣው በዚህ ሁሉ ማግሥት ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጣ። ለንግድ የሚያጠምድ ፈቃድ እንዲያወጣ፣ መረብ በዓይነቱና በዓይኑ እንዲወሰን፣ ማጥመድ የሚከለከልበት ወቅትና ቦታ እንዲኖር፣ ፈንጂና መርዝ እንዳይነካ የሚያስችል ማዕቀፍ ነው። ክልሎችም የራሳቸውን አወጡ። በዚያው ዓመት ጣና ላይ የሆነው ነገር ሕጉ ብቻውን እንደማይበቃ አሳየ። ለጢስ ዓባይ ቁጥር 2 ኃይል ማመንጫ ሲባል በጨረጨራ ግድብ በኩል ብዙ ውኃ ስለተለቀቀ የሐይቁ ከፍታ እጅግ ወረደ፤ ጀልባዎች ወደብ መቅረብ አቃታቸው፤ ዳር ላይ ያለው ደንገል በደረቅ መሬት ቀረ። ቆሮሶ የሚወልደው እዚያ ነበር። አዋጁ አጥማጁን ይቆጣጠራል፤ የውኃውን በር ቁልፍ የያዘው ግን ሌላ መሥሪያ ቤት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 እምቦጭ በጣና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ታየ። ከአማዞን የመነጨው ይህ አረም መረብ ያስራል፣ ጀልባ ያግዳል፣ ሥሩ ሥር ያለውን ውኃ ኦክስጅን ያሳጣል። የደምቢያና የፎገራ ገበሬ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል አገር ሁሉ አየው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዘገበ፤ ክብሩ ደስ ይላል። ሐይቁ ላይ ግን በሱዳን በኩል በኮንትሮባንድ የሚገባው አንድ ክር ቀጭን መረብ በዛ። ርካሽ ነው፣ ውኃ ውስጥ አይታይም፣ ሲቀደድ አይጠገንም፤ ተጥሎ ሲቀርም ማንም ሳያነሣው ዓሣ መግደሉን ይቀጥላል። በዚያው መንገድ በግልባጩ ቋንጣ ዓሣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይሻገራል። አዲስ አበባ ብቸኛዋ ገዢ አይደለችም።

አሁን የታሪኩ ማዕከል ወደ ግድቦቹ ዞሯል። ተከዜ እ.ኤ.አ. በ2009 ተመረቀ፤ ከዚያም ግልገል ጊቤ 3 ተከተለ። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በሐምሌ 2012 የመጀመሪያውን ውኃ ያዘ፤ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ከኋላው ያለው የንጋት ሐይቅ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ ስፋቱ 1,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ያልፋል። ከጣና ቀጥሎ የአገሪቱ ትልቁ ሰፊ ውኃ ሆነ ማለት ነው፤ ጀልባና መረብም ከወዲሁ ገብቶበታል። በ2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት ዓሣን ከወተት፣ ከዶሮና ከማር ጋር ወደ ገበታ እንዲቀርብ አድርጎ አስቀምጦታል። የአገሪቱ ውኃዎች በዓመት የሚሰጡት ቀድሞ 51,500 ቶን ተብሎ ይገመት ነበር፤ ጋሻው ተስፋዬና ማቲያስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት ወደ 94,500 ቶን ከፍ አደረጉት። በዓለም አንድ ሰው በዓመት 20 ኪሎ ገደማ ዓሣ ሲበላ የኢትዮጵያዊው ድርሻ አንድ ኪሎ አይሞላም። እንግዲህ ይበዛ፣ ይመረት ማለት ትክክል ነው፤ ሕፃን የሚያሳድግ ምግብ ነውና እኔም እላለሁ።

ነገር ግን አዲስ ግድብ ባሕርይ አለው። ውኃው የዋጠው ሣር፣ ቁጥቋጦና አፈር ሲበሰብስ ውኃውን ያዳብረዋል፤ ዓሣው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይፈላል። ምግቡ ሲያልቅ ብዛቱ ይወርዳል፤ በአፍሪካ ትልልቅ ግድቦች ላይ ተደጋግሞ የታየ ነው። በፍላቱ ዓመታት የተያዘውን ቁጥር መነሻ አድርጎ ፈቃድ፣ ጀልባና በረዶ ቤት የሚያቅድ ክልል፣ ውኃው ሲረጋ ከሚችለው በላይ አጥማጅ ይዞ ይቀራል። ያ ሁሉ አጥማጅ ደግሞ ቤተሰብ አለው፤ በኋላ ላይ ቀንስ ማለት ይከብዳል። ወደ ንጋት የሚገቡት በለስና ሌሎች ገባር ወንዞችም የሚወጣባቸው፣ በክረምት የሚወልድባቸው ዓሣ አለ። የጉማራ አፍ ላይ የሆነው እዚያም ሊሆን ይችላል።

ሌላ መንገድ አለ፤ ተጀምሯልም። ከሰበታ ማዕከል የሚወጣ የቆሮሶ ጫጩት በኩሬ ሲረባ፣ በኑግ ፋጉሎና በፍሩሽካ ሲቀለብ፣ አብነት ላይ የሚቀርበው ዓሣ ከሐይቅ መቀነስ የግድ አይሆንበትም። በረዶ ዳር ድረስ ቢደርስ ደግሞ በመንገድ የሚበላሸው ዓሣ ስለሚተርፍ ያለ ተጨማሪ መረብ ምርት ይጨምራል። ሁለቱም እንደ ሞተር ጀልባ በአንድ ቀን ተመርቀው ፎቶ የሚነሡ አይደሉም፤ ገንዘቡ ቀድሞ ወደ መረብ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ጣና ላይ ሞተሩ ከገባ በኋላ ነጭ ዓሣው ምን ያህል እንደቀነሰ በቁጥር ለማወቅ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ፈጅቷል፤ በቆጠራው ማብቂያ ላይ የቀረው በክብደት ሩብ ነበር። የባሕር ዳርና የሰበታ ተመራማሪዎች ንጋት ላይ ቆጠራውን ዛሬ፣ መረቡ ገና ጥቂት ሳለ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በየወንዙ አፍ ሊጀምሩ ይችላሉ። ማጥመድ የሚከለከልበትን ወቅትና ቦታ የመወሰን ሥልጣን በ1995ቱ አዋጅ ተሰጥቷል፤ ለክልሉም ለፌዴራሉም የሚያስፈልገው በመጪው ክረምት ፊት ወንዞቹን በስም ጠርቶ መዝጋትና ለአጥማጁ በእነዚያ ወራት የሚበላውን መመደብ ነው።